ሞተ አትበሉኝ፤ ገድለውት ነው

"ቲቸር፣ ያ ዋንጫ እኮ ድሮ ሞቷል። የሞተ ዋንጫ ደግሞ አይቆጠርም።"

ይህን የጻፈልኝ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ስሙን አልጠራም። አርሰናል በ1994 ኮፐንሃገን ላይ ፓርማን 1 ለ 0 አሸንፎ ያነሳውን ዋንጫ ብጠቅስ ነው እንዲህ ያለኝ። ልጁ የዩናይትድ ደጋፊ ነው። አርሰናልን ማብሸቅ መብቱ ነው፣ እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ። "አይቆጠርም" የምትለዋ ግን ከነከነችኝ። እንዲህ የሚለው እሱ ብቻ አይደለማ! ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ኳስ የሚያይ ወጣት ሁሉ እግር ኳስ በ1992 ከሻምፒዮንስ ሊግ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለዋል።

ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ማንበብ የሰለቸው ይለፈኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የማወራው ስለ አውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ነው፤ ካፕ ዊነርስ ካፕ ስለሚባለው። ከ"አሸናፊዎች አሸናፊ" ጋር እንዳታምታቱት። ያ ሱፐር ካፕ ነው፣ የወቅቱ መክፈቻ ላይ የሚደረግ ጨዋታ። ይሄኛው በየአገሩ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያነሱ ክለቦች የሚገናኙበት ራሱን የቻለ ውድድር ነበር። በ1960 ተጀመረ፣ በ1999 ቆመ። 39 ጊዜ ተካሄደ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው "ሞተ ወይስ ተገደለ?" ብዬ ነው። የዚህ ዋንጫ መልስ ግልጽ ነው፤ ገድለውታል። ለምን እንደገደሉት ካልገባችሁ ደግሞ ዛሬ እግር ኳሱ ላይ እየሆነ ያለው ነገር አይገባችሁም።

መጀመሪያ የመግቢያ ደንቡን እዩልኝ። ወደዚህ ውድድር መግቢያ አንድ በር ብቻ ነበር፤ የአገርህን ጥሎ ማለፍ ማሸነፍ። አገርህ በአውሮፓ ስንተኛ ናት ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ነጥብ ሰብስበሃል የሚልህም የለም። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆነህ፣ ከዚያም በታች ሆነህ፣ ዋንጫውን ካነሳህ ፓስፖርትህን ያዝና ና ነው። (ዋንጫ ያነሳው ክለብ የሊጉም ሻምፒዮን ከሆነ ብቻ በፍጻሜው የተሸነፈው ይተካል።) ከእያንዳንዱ አገር አንድ፣ ለአምናው አሸናፊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቦታ። የጀርመን አንድ፣ የሉክሰምበርግም አንድ። እኩል!

የመጀመሪያው ዓመት ላይ 10 ክለቦች ብቻ ነበሩ። ያዘጋጀውም ዩኤፋ ሳይሆን የመካከለኛው አውሮፓን የሚትሮፓ ዋንጫ ያዘጋጅ የነበረው ኮሚቴ ነው፤ ዩኤፋ በቀጣዩ ዓመት ተረከበው። ፊዮረንቲና የስኮትላንዱን ሬንጀርስ በደርሶ መልስ 4 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

በሁለተኛው ዓመት ፊዮረንቲና ዋንጫውን ሊያስጠብቅ ፍጻሜ ደርሶ በአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸነፈ። አትሌቲኮ በተራው በ1963 ፍጻሜ ደርሶ በቶተንሃም 5 ለ 1 ተቀጣ። (አዎ፣ ቶተንሃም! የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የብሪታንያ ክለብ ቶተንሃም ነው። የአርሰናል ልጆች ይቺን ዋጧት።) ከዚያ በኋላም እንደዚሁ ሆነ። ኤሲ ሚላን፣ አንደርሌክት፣ አያክስ፣ ፓርማ፣ አርሰናል፣ ፒኤስጂ፤ ሁሉም ዋንጫውን ይዘው በዓመቱ ፍጻሜ ደረሱ፣ ሁሉም ተሸነፉ። በ39 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያነሳው አንድም ክለብ የለም። እርግማን የሚሉት አሉ። እኔ ግን ውድድሩ ማንም በርስትነት ሊይዘው የማይችል ስለነበረ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ልግባ።

ባንጎር ሲቲ የሚባል ክለብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ባንጎር በሰሜን ዌልስ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ክለቡ በእንግሊዝ ሊግ አራት ዲቪዚዮኖች ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ከዚያ በታች ይጫወት ነበር። በ1962 የዌልስን ዋንጫ አነሳና ዕጣው ከናፖሊ ጋር ጣለው። ናፖሊም ራሱ የጣሊያንን ዋንጫ ያነሳው ሁለተኛ ዲቪዚዮን እያለ ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ሴሪ አ አደገ። ባንጎር በሜዳው ናፖሊን 2 ለ 0 አሸነፈ። ኔፕልስ ሄዶ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ድምሩ 3 ለ 3። እንደ ኋላው ደንብ ቢሆን ኔፕልስ ላይ ባገባት አንዲት ግብ ባንጎር ያልፍ ነበር። ያኔ ደንቡ ገና አልወጣም። ሦስተኛ ጨዋታ በአርሰናል ሜዳ በሃይበሪ ተደረገና ናፖሊ 2 ለ 1 አሸንፎ አመለጠ። ከሜዳ ውጪ የገባ ግብ ብልጫ የሚሰጠው ደንብ በኋላ በ1965 ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የተሞከረው የት ነው? እዚሁ ውድድር ላይ! ያ "የማይቆጠር" የምትሉት ዋንጫ እናንተ እስከ 2021 ድረስ ስትጨቃጨቁበት የኖራችሁትን ሕግ የወለደ ነው።

በ1964 የስፖርቲንግ ሊዝበን ጉዞ ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። የቆጵሮሱን አፖኤልን 16 ለ 1 አሸነፉ። በዩኤፋ ውድድሮች በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ግብ ያገባ ክለብ የለም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ በኦልድ ትራፎርድ 4 ለ 1 ረታቸው። ሁሉም አለቀ አለ። ሊዝበን ላይ ስፖርቲንግ 5 ለ 0! ያ ቻርልተንና ዴኒስ ሎው የነበሩበት ዩናይትድ ነው። ፍጻሜው ብራስልስ ላይ ከሃንጋሪው ኤምቲኬ ጋር 3 ለ 3 ተጠናቀቀ፤ ስታዲየም የገባው ሰው 3 ሺህ ገደማ ነው። በድጋሚው ጨዋታ አንትወርፕ ላይ ሞራይስ የሚባለው ተጫዋች ከማዕዘን ምት በቀጥታ አገባና 1 ለ 0 አለቀ። የአውሮፓ ዋንጫ በማዕዘን ምት!

"3 ሺህ ሰው ያየው ፍጻሜ ምን ዋጋ አለው?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ይቆየኝ፣ እመለስበታለሁ።

የምሥራቅ አውሮፓን ልንገራችሁ። በነሐሴ 1968 የሶቭየት ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያ ገቡ። በግንቦት 1969 የዚያች አገር ክለብ ስሎቫን ብራቲስላቫ ባዝል ላይ ባርሴሎናን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ገባ። በ1974 የምሥራቅ ጀርመኑ ማግደቡርግ ሮተርዳም ላይ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 0 አሸነፈ። የማግደቡርግ ተጫዋቾች በሙሉ የዚያው ከተማና የአካባቢው ልጆች ነበሩ። በሙሉ! አንድ የተገዛ ኮከብ የለም። ከመካከላቸው አንዱ ዩርገን ሽፓርቫሰር ከአንድ ወር ተኩል በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመን ላይ ያቺን የታወቀች ግብ ያገባው ነው። ያንን ፍጻሜም ስታዲየም ገብቶ ያየው 5 ሺህ ሰው አካባቢ ብቻ ነው።

በ1981 ዱሰልዶርፍ ላይ ፍጻሜ የደረሱት ዲናሞ ትቢሊሲና ካርል ዛይስ የና ናቸው፤ አንዱ የጆርጂያ ክለብ፣ አንዱ የምሥራቅ ጀርመን። የና በመጀመሪያው ዙር ሮም ላይ በሮማ 3 ለ 0 ተሸንፎ፣ በመልሱ ሮማን 4 ለ 0 አሸንፎ ያለፈ ክለብ ነው። ከዚያ ዋንጫውን ይዞ የነበረውን ቫሌንሺያን ጣለ፣ በኋላም ቤንፊካን ጣለ። ትቢሊሲ ደግሞ ለንደን ሄዶ ዌስትሃምን በሜዳው 4 ለ 1 አሸንፏል። ዌስትሃም ያኔ የኤፍኤ ካፕ ባለቤት ሆኖ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር፣ ይህችንም ልብ በሉልኝ። በፍጻሜው የና አስቀድሞ አገባ፣ ጉትሳዬቭ አቻ አደረገ፣ ሊጠናቀቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ቪታሊ ዳራሴሊያ ተከላካዮችን አልፎ አገባ። 2 ለ 1። ዳራሴሊያ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ለጆርጂያ ሰው "ያ ዋንጫ አይቆጠርም" ብላችሁ ሞክሩ እስቲ።

የዩናይትድ ደጋፊ ለሆነው ልጄ ደግሞ የተለየ ነገር አለኝ። ፈርጉሰንን ማን ፈጠረው? በ1983 አበርዲን ሩብ ፍጻሜ ላይ ባየር ሙኒክን ጣለ። ጎተንበርግ ላይ በዝናብ ውስጥ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ የሚያሰለጥነውን ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 አሸነፈ። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን ነበር። ዓለም ያወቀው በዚያ ሌሊት ነው። ከዚያስ? ዩናይትድ መጣ፣ ዓመታት ያለ ዋንጫ አለፉ፣ በ1990 ኤፍኤ ካፕን አነሳ። የእንግሊዝ ክለቦች ከሄይሰል ዕልቂት በኋላ የተጣለባቸው ቅጣት ተነስቶ ወደ አውሮፓ በተመለሱበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1991፣ ሮተርዳም ላይ ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ማርክ ሂውዝ አገባ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዩናይትድ ሊጉን ካሸነፈ 24 ዓመት ሊሞላው ነበር። በሊግ ደረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈርጉሰን በዚያ ዓመት አውሮፓን በቴሌቪዥን ነበር የሚያያት፤ ቡድኑ በ1990 የጨረሰው 13ኛ ሆኖ ነው። 13ኛ! በሩን የከፈተለት ጥሎ ማለፍ ነው። እናንተ የምታመልኩት ሰውዬ አውሮፓን ሁለት ጊዜ ያንኳኳው በዚህ "በማይቆጠረው" በር ነው።

የ1987/88ን ብቻ ላክል፣ ከዚያ ወደ ግድያው እሄዳለሁ። መርተር ቲድፊል የሚባል የዌልስ ክለብ፣ ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ፣ አታላንታን በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ 2 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። አታላንታ ያኔ ሴሪ ቢ ነበር፣ ሴሪ ቢ ሆኖ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ! እሱን የጣለው የቤልጅጉ ሜሄለን ነው፤ ሜሄለንም ፍጻሜ ላይ አያክስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚህ የበለጠ ምን ተረት ትፈልጋላችሁ?

ሪያል ማድሪድ ሁሉም ነገር አለው ትላላችሁ። ይህቺን አላገኛትም፤ በ1971 በቼልሲ፣ በ1983 በአበርዲን ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። ሊቨርፑልም የለውም። ኢንተርም የለውም። ማግደቡርግ ግን አለው።

እንግዲህ ግድያው።

በ1992 የሻምፒዮኖች ዋንጫ ስሙ ተቀየረና ሻምፒዮንስ ሊግ ተባለ። ስሙ ቢቀየርም ለጊዜው የሚገቡት ሻምፒዮኖች ነበሩ። በ1997 ግን የስምንት አገሮች ሁለተኛ የወጡ ክለቦች ገቡ። "ሻምፒዮን" የሚለው ቃል ውሸት የሆነው ያኔ ነው። የዚያኑ ዓመት የሆነውን ተመልከቱ። ባርሴሎና በ1997 ሮተርዳም ላይ በብራዚላዊው ሮናልዶ ፍጹም ቅጣት ምት ፒኤስጂን አሸንፎ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን አነሳ፤ የስፔንንም የንጉሥ ዋንጫ አነሳ። በሊጉ ግን ሁለተኛ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የት ሄደ? ሻምፒዮንስ ሊግ! ዋንጫዎቹን ሁለቱንም ጥሎ በሁለተኛነቱ ገባ። ዋንጫውን ሊያስጠብቅ እንኳ አልመጣም። በጥሎ ማለፉ ፍጻሜ የተሸነፈው ቤቲስ ነው በምትኩ የተላከው። አያችሁ? ማሸነፍ ከሁለተኛነት ያነሰበት ቀን ያ ነው።

በ1998 ሚዲያ ፓርትነርስ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ትልልቆቹን ክለቦች ሰብስቦ የራሳችንን ሊግ እናቋቁም አለ። ሱፐር ሊግ ማለት ነው፣ የ2021ዱ ታላቅ ወንድም። ዩኤፋ ደነገጠ። ደንግጦ ምን አደረገ? ክለቦቹን አልቀጣም። ከ1999/2000 ጀምሮ ሻምፒዮንስ ሊግን ወደ 32 ቡድን አሰፋላቸው፣ ለስፔን፣ ለጣሊያንና ለጀርመን አራት አራት ቦታ ሰጣቸው። በቀን መቁጠሪያው ላይ ለሚጨመረው ጨዋታ ሁሉ ቦታ ያስፈልጋላ! የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ዘጋውና አሸናፊዎቹን ወደ ዩኤፋ ካፕ ገፋቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ነው። ግንቦት 1999 በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ላይ ላዚዮ ማዮርካን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ቪየሪና ኔድቬድ አገቡ፤ በቃ፣ ተዘጋ። በሳምንቱ ዩናይትድ ባርሴሎና ላይ ባየርን በባከነ ሰዓት ሲያሸንፍ ዓለም ሁሉ ያንን አየ። ቀብሩን ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ እዩት። በዚያው በ1999/2000 ማንቸስተር ዩናይትድ በብራዚል በተዘጋጀው የዓለም ክለቦች ውድድር ለመሳተፍ ብሎ ከኤፍኤ ካፕ ራሱን አገለለ። የዋንጫው ባለቤት ዋንጫውን አልጫወትም አለ። ከእግር ኳስ ማኅበሩ ጋር ተስማምተው ያደረጉት ስለሆነ ክለቡን ብቻ አልወቅስም። ግን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወደ ራሱ የአውሮፓ መድረክ የሚያስገባበት በር በተዘጋ በመጀመሪያው ዓመት ይህ መሆኑ አይገርማችሁም? ከዚያ ወዲህ አሰልጣኞች ተቀያሪዎቻቸውን የሚያሰልፉበት ውድድር ሆነ። "ቶፕ ፎር" የሚባል ነገር እንደ ዋንጫ መከበር ጀመረ። አራተኛ ወጥቶ የሚጨፍር ደጋፊ አይቻለሁ፣ እዚሁ አገራችን! አራተኛ እኮ ነው ጓዶች። እኔ ክፍል ውስጥ አራተኛ የወጣ ተማሪ ዋንጫ ይሰጠኝ ቢለኝ ምን ልለው ነው?

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ። "ቲቸር፣ ውድድሩ እኮ በመጨረሻ ደክሞ ነበር" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አልክድም። የመጨረሻው ፍጻሜ ተጫዋች ማዮርካ ራሱ ዋንጫ ያነሳ ክለብ አልነበረም፤ በ1998 የስፔን ጥሎ ማለፍ ፍጻሜ በባርሴሎና በመለያ ምት የተሸነፈ ነው። ባርሴሎና ሊጉንም ስላሸነፈ ቦታው ለተሸናፊው ደረሰ። ግን ማን አደከመው? ጠንካሮቹን በሁለተኛነት፣ በሦስተኛነት፣ በአራተኛነት እየጠራህ ከወሰድክ በኋላ "ይሄ ቤት ባዶ ነው፣ ይፍረስ" ትላለህ? ሰውን አስርበህ ከስቷል ብለህ መቅበር ነው ይሄ። ደግሞም ደክሞ ነበር የሚባለው ውድድር በ1995 ፓሪስ ላይ ናዪም ከመሀል ሜዳ አካባቢ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ በዴቪድ ሲመን አናት ላይ አሳልፎ ያገባባት ግብ የታየበት ነው። በ1998 ዞላ ተቀይሮ ገብቶ ደቂቃ ሳይሞላው ሽቱትጋርት ላይ አግብቶ ቼልሲን ዋንጫ ያስነሳበት ነው። ያ ቼልሲ እዚያ ሲደርስ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ተሸፍኖ መስመሩ በማይታይ ሜዳ ላይ በትሮምሶ 3 ለ 2 ተሸንፎ ነው የመጣው። ደክሞ እንዲህ ከሆነ፣ በርትቶ ምን ሊሆን ነበር?

"ተመልካች አልነበረውም" የሚለው ደግሞ አለ፤ እመለስበታለሁ ያልኩት። አዎ፣ በ1964 ብራስልስ ላይ 3 ሺህ፣ በ1974 ሮተርዳም ላይ 5 ሺህ። ግን ማን ነበር የማይመጣው? የምሥራቅ ጀርመን ሰው ማግደቡርግን ተከትሎ ሮተርዳም እንዳይሄድ ያገደው መንግሥቱ ነው፣ የድንበሩ ግንብ ነው። የትቢሊሲም ሕዝብ እንደፈለገ ዱሰልዶርፍ መሄድ አይችልም ነበር። ባዶውን ወንበር እያዩ "ሰው አልወደደውም" ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ለገለልተኛ አገር የስታዲየም ትኬት ሻጭ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ለትቢሊሲ ግን ኪሳራ አልነበረም።

"ትልልቆቹ አገሮች ያንንም ቢሆን ብዙ ጊዜ አሸንፈዋል" የሚል ብልህ ተማሪም አይጠፋም። ትክክል፣ ባርሴሎና ብቻውን አራት ጊዜ ወስዷል። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ። በ39 ዓመት ውስጥ የ12 አገር ክለቦች ዋንጫውን አንስተዋል፣ ሁለቱን ጀርመኖች ለየብቻ ቆጥረን። ከ2000 እስከ 2025 በነበሩት 26 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜዎች ግን ከስፔን፣ ከእንግሊዝ፣ ከጣሊያንና ከጀርመን ውጪ ያሸነፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፖርቶ በ2004፣ ፒኤስጂ በ2025። የፒኤስጂን ደግሞ የማን ገንዘብ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እሱን "ትንሽ" የሚለው ካለ ይጻፍልኝና እንሳቅ።

በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለቱ ክለቦች ሱፐር ሊግ ብለው ሲነሱ ሁላችሁም ተቆጣችሁ። ያን ሰሞን ፕሮፋይላችሁን ሁሉ አይቼዋለሁ፣ ቁጣው ጥሩ ነበር። በሁለት ቀን ፈረሰ፣ አሸነፍን ተባለ። ያሸነፍነው ግን በስሙ ነው። ሥራው ከ22 ዓመት በፊት ተሠርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኤፋ ኮንፍረንስ ሊግ ብሎ ሦስተኛ ውድድር ጀመረ። ሦስተኛ ዋንጫ እንደሚያስፈልግ ካመናችሁ የነበረውን ለምን ዘጋችሁት? እንደገና ሲያመጡትም በሩን በጥሎ ማለፍ አላደረጉትም። በ2025 ክሪስታል ፓላስ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አነሳ። ኤፍኤ ካፕ ያሸነፈው ክለብ ከዩሮፓ ሊግ ወደ ኮንፍረንስ ሊግ ተወረወረ፤ ቦታውን በሊጉ ሰባተኛ የወጣው ኖቲንግሃም ፎረስት ወሰደ። ምክንያቱ የባለቤትነት ደንብ ነው፣ አንድ ሰው በፓላስም በሊዮንም ድርሻ ነበረው፤ ደንቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ዋንጫ ያነሳው ወረደ፣ ሰባተኛው ወጣ፣ ዓለምም ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ። በ1985 እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንግሊዝ ውስጥ ድፍን ከተማ ይነሳ ነበር።

"እኛን ምን አገባን?" ለምትሉኝ፤ ያገባናል። አፍሪካም እኮ የራሷ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ነበራት። በ1975 ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን የወሰደው ሮጀር ሚላ የተጫወተበት የካሜሩኑ ቶኔር ያውንዴ ነው። በ1987 ጎረቤታችን ጎር ማሂያ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ ከሜዳ ውጪ ባገባ ግብ በልጦ አነሳው። በ1989 የሱዳኑ አል ሜሪክ። በ1990 የናይጄሪያው ቢሲሲ ላየንስ፣ ቦኮ ከምትባል ከተማ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ክለብ። የምሥራቅ አፍሪካ ክለቦች በአህጉር ደረጃ ዋንጫ ያዩት በየት በኩል እንደሆነ አያችሁ? በዋናው የሻምፒዮኖች ዋንጫ አይደለም፣ በዚህ ነው። ከዚያ አውሮፓ በ1999 ዘጋ፤ ካፍም በ2003 የመጨረሻውን አካሂዶ ኤትዋል ዱ ሳህል ካነሳው በኋላ በ2004 ከካፍ ካፕ ጋር ቀላቅሎ ኮንፌዴሬሽን ካፕ አደረገው። በዚያው በ2004 ከላይ ያሉት 12 አገሮች በእያንዳንዱ ውድድር ሁለት ሁለት ክለብ እንዲያስገቡ ተደረገ። ከአውሮፓ የተቀዳ ነው ስል አላፍርም።

ደግነቱ እዚህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። የኮንፌዴሬሽን ካፑ አንዱ መግቢያ አሁንም የአገር ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው። ወላይታ ድቻ የ2017ቱን የኢትዮጵያ ዋንጫ አሸንፎ ነው አፍሪካ መድረክ የወጣው። በመጋቢት 2018 ሐዋሳ ላይ ዛማሌክን 2 ለ 1 አሸነፈ። ዛማሌክ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ ያነሳ ክለብ ነው። ካይሮ ላይ በተራው 2 ለ 1 ተሸነፈና ወደ መለያ ምት ሄዱ። ድቻ 4 ለ 3! የሶዶ ክለብ ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ጣለ። በሊግ ደረጃ፣ በአገር ነጥብ፣ በገንዘብ ቢሆን ያ ጨዋታ አይኖርም ነበር። የኖረው ጥሎ ማለፍ ስላለ ነው። እኛ አገር ግን ይህ ውድድር ሲቀጥል ሲቋረጥ፣ ሲጀመር ሲረሳ ነው የኖረው። ፌዴሬሽኑ ሲያስታውስ ይካሄዳል፣ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የምለው እዚህ ላይ ነው። ሊጉን የሚያህል ክብር ስጡት አልልም፤ ቀኑ በዓመቱ መጀመሪያ ይታወቅ፣ የከፍተኛ ሊግና የአንደኛ ሊግ ክለቦች ከመጀመሪያው ዙር ይግቡበት፣ ዕጣው በግልጽ ይውጣ፣ ያሸነፈው ያለ ክርክር ወደ አፍሪካ ይላክ። ለዚህ አዲስ ስታዲየም አያስፈልግም።

አውሮፓን በተመለከተ የኔን ደብዳቤ የሚጠብቅ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ኮንፍረንስ ሊጉን ቢያፈርሱና በቦታው የየአገሩን ዋንጫ አሸናፊዎች ብቻ ቢሰበስቡ፣ ምድብ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ቢያደርጉት፣ እኔ በበኩሌ ሐሙስ ማታ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ማየት የምፈልገው የሞልዶቫ አሸናፊ ከስፔን አሸናፊ ጋር ሲጫወት ነው።

ኮመንት ላይ ስድብ ከሆነ አጠፋዋለሁ። ክርክር ከሆነ ግን ኑ፣ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እዚህ አለሁ። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ስለ ሚትሮፓ ዋንጫ እጽፋለሁ፤ እሱም "የማይቆጠር" ነው፣ በ1927 የተጀመረ።